የነፍሳትን ማንነት ከፎቶ እንዴት መለየት ይቻላል?

ቅጠል ላይ ወይም ግድግዳ ላይ የማታውቁት ነገር አያችሁ፤ ፎቶ አነሳችሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን መልስ የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎቶው ነው። ያምራል፤ ግን ለመለየት የሚያስፈልገው ነገር አይታይበትም።

ሲነሳ

አንድ ፎቶ አይበቃም። መጀመሪያ ካላችሁበት ሆናችሁ አንድ አንሱ፤ ስትጠጉት ሊበር ይችላል። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት ለፊት፣ ከተቻለም ከሆዱ በኩል አንሱት። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ። ማለዳ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነፍሳት ስለሚፈዙ ሥራው ይቀላል። ስልኩን ከመጠን በላይ ካስጠጋችሁት ፎከስ አልይዝ ይላል፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ፎቶውን ቁረጡት። አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ካለ መጠኑ ይታወቃል። በእጅ ግን አትያዙት። ይናደፍ አይናደፍ የሚታወቀው ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ነው!

ቀኑን፣ ቦታውንና ምን ሲያደርግ እንደነበር ጻፉ። የተቀመጠበትንም ተክል ፎቶ አንሱ። በተለይ ለአባጨጓሬ ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ብዙዎቹ የሚበሉት የተወሰኑ ተክሎችን ብቻ ነው።

እግር ቁጠሩ

ፎቶውን አጉሉና ከእግር ጀምሩ። ስድስት ከሆነ ነፍሳት ነው፤ አካሉም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ስምንት ከሆነ የሸረሪት፣ የጊንጥና የመዥገር ወገን ነው። ከዚያ በላይ ከሆነና ሰውነቱ ረጅም ከሆነ ከቀለበቶቹ አንዱን ለይታችሁ እዩ። በአንድ ቀለበት አንድ ጥንድ እግር ካለው መቶ እግር የሚባለው አዳኝ ነው። አብዛኞቹ ቀለበቶች ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ ካለው፣ ሲነኩት የሚጠቀለለውና የበሰበሰ ቅጠል የሚበላው ዘመዱ ነው።

ቆጠራውም ያታልላል። አባጨጓሬ ብዙ እግር ያለው ይመስላል፤ እውነተኛዎቹ ግን ከራሱ አጠገብ ያሉት ስድስቱ ናቸው። ገና የተፈለፈለ መዥገርም ስድስት እግር ብቻ ነው ያለው። ከሁሉም የሚገርሙት ጉንዳን መስለው የሚኖሩ ሸረሪቶች ናቸው። የፊት ሁለት እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው እንደ አንቴና ያወዛውዙታል። ሰውነታቸውም ስርጉድ እያለ እንደ ጉንዳን በሦስት የተከፈለ ይመስላል። በደንብ ስታዩ ግን «አንቴናው» እንደ ጉንዳን ክርን የለውም፤ የተነሱት ሲጨመሩም እግሮቹ ስምንት ይሆናሉ። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፍጥጥ ብለው ይታያሉ።

ክንፍና ፊት

ዝንብ ክንፉ ሁለት፣ የንብና የተርብ አራት ነው። ችግሩ የንብ የፊትና የኋላ ክንፎች ስለሚያያዙ ፎቶ ላይ ሁለት ይመስላሉ። ቢጫና ጥቁር ለብሰው ንብ የሚመስሉ ዝንቦች ደግሞ በሽ ናቸው። ስለዚህ ፊቱን እዩ። ዓይኑ አብዛኛውን ራሱን ከሸፈነና አንቴናው አጭር ቁራጭ ከሆነ ዝንብ ነው። አንቴናው ረዘም ብሎ ከታጠፈ ወደ ንብ አድሉ።

ጥንዚዛን የሚያሳውቀው ጀርባው መሃል ላይ ያለው መስመር ነው፤ ጠንካራዎቹ ሁለት የፊት ክንፎች እዚያ ይገጥማሉ። በመስመሩ ፈንታ ክንፎቹ ተደራርበው ትከሻው አካባቢ ሦስት ማዕዘን ከታየ፣ በመርፌ መሰል አፍ ፈሳሽ የሚመጥጡት ተባዮች ወገን ሳይሆን አይቀርም። የሆዱ ፎቶ እዚህ ጋ ይጠቅማል፤ አፉ ከደረቱ ሥር ታጥፎ ይታያል። ቢራቢሮን ከእሳት እራት ለመለየት የአንቴናውን ጫፍ እዩ። የቢራቢሮው ጫፉ ላይ ወፈር ይላል፤ የእሳት እራቱ ብዙ ጊዜ ክር ወይም ላባ ይመስላል። ቀለም የመጨረሻ ማስረጃ ይሁን። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳን ይለያያል።

መተግበሪያውን ስትጠይቁ

ፎቶ አይተው ስም የሚገምቱት ጎግል ሌንስና አይናቹራሊስት የተባሉ መተግበሪያዎች ጥሩ ረዳቶች ናቸው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከማሽኑ ግምት በላይ ሰዎች ያዩታል። በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ ነው የተጀመረው። የአንዱን ፍጡር ፎቶዎች ሁሉ በአንድ ላይ አስገቡ። ቀንና ቦታ ኖሮት አስተያየት ከሰጡት ከሁለት ሦስተኛ በላይ በዝርያው ከተስማሙ ለምርምር የሚበቃ ደረጃ ያገኛል። ፎቶው ቤታችሁ ውስጥ የተነሳ ከሆነ ትክክለኛውን ቦታ የሚደብቀውን አማራጭ ተጠቀሙ።

መተግበሪያው ስም ሲሰጣችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ። ዝርያው እናንተ ባላችሁበት አካባቢ ይኖር እንደሆነ በካርታው ላይ አረጋግጡ። ከዚያ ሌላ ማዕዘን የተነሳውን ፎቶ ስጡት። መልሱ ከተቀያየረ እየገመተ ነው ማለት ነው።

የት ይቆማል?

እስካሁን ስም የተሰጣቸው የነፍሳት ዝርያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ብዙዎቹን ከዘመዶቻቸው መለየት የሚቻለው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ የመራቢያ አካላቸውን እስከማየት ይደርሳል። ስለዚህ ማስረጃው «የጥንዚዛ ወገን ነው» እስከማለት ብቻ ከወሰዳችሁ እዚያው ቁሙ። ያልተቆረጠውን ፎቶ ግን አታጥፉት። የሚያውቅ ሰው ሲያገኘው የክንፉን ጅማቶች ወይም የእግሩን ጫፍ ቀርቦ ማየት ይፈልግ ይሆናል።