ትርጉሙን ይዞ ቃሉን ማደን፦ ያልተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት ይገኛሉ

ዲክሽነሪ ሁላችንም የለመድነው ቃሉን ይዘን ትርጉሙን ለማየት ነው። እኔን ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ተቃራኒው ነው፣ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ በአማርኛ ስሙንም አውቀዋለሁ፣ እንግሊዝኛው ላይ ስደርስ ግን ባዶ። አንዴ አንድ አጭር ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉም "ልጁ በሩ ጋ ቆሞ ይቀላውጣል" የምትል አረፍተ ነገር ላይ ተቸነከርኩ። የማገኛቸው ቃላት በሙሉ ለማኝ፣ ጥገኛ ምናምን የሚሉ ናቸው፣ ልጁ ግን አልለመነም፣ አፉንም አልከፈተም፣ ጉርሻው ከትሪው ተነስቶ አፍ እስኪደርስ በዓይኑ እየተከተለ "ና ብላ" እስኪሉት ነው የሚጠብቀው።

ያኔ ነው ዋንሉክ የሚባለውን ሳይት የከፈትኩት። ነፃ ነው፣ ሪቨርስ ዲክሽነሪም አለው፣ ማለትም ቃል ሳይሆን ትርጉም ነው የምትጽፉለት። መጀመሪያ ሀንግሪ፣ ቦይ፣ ቤጊንግ ብዬ ጻፍኩ፣ የመጣው በሙሉ የልመና ቃል ሆነ። ከዛ ልጁንም በሩንም ረሃቡንም አወጣሁና ድርጊቱን ብቻ አስቀረሁ፦ ስቴር፣ ኢቲንግ፣ ሆፒንግ፣ ፉድ። ዝርዝሩን ወረድ ወረድ ሳደርግ ግሮክ የምትል ቃል አገኘሁ፣ ስትጻፍ ጂ አር ኦ ኤ ኬ ነች፣ ከስኮትላንድ የመጣች፣ ሰው ሲበላ ይሰጠኝ ይሆናል ብሎ ዝም ብሎ ማፍጠጥ ማለት ነው። ገበታ ሥር ቁጭ ብሎ ቀና የሚለውን ውሻ አስቡት። ከመቀላወጥ ጋር ልክ አንድ አይደለችም፣ ቀላዋጭ ምግብ ያለበትን ቤት ፈልጎ ይሄዳል፣ ግን እጅግ ትቀርበዋለች።

ከዛ ቀን ጀምሮ የምከተለው ነገር ይሄ ነው፦ ታሪኩን አትጻፉ፣ ዲክሽነሪ የሚጽፍ ሰው ይህን ነገር በአንድ መስመር ቢያስቀምጠው በምን ቃል ይጀምራል ብላችሁ አስቡ። እነዚህ ሰዎች የተወሰነ አጻጻፍ አላቸው። ስለ ሰው ከሆነ ዋን ሁ ብለው ይጀምራሉ፣ እኛ "የሚ" ብለን እንደምንጀምረው። ድርጊት ከሆነ ዚ አክት ኦፍ ይላሉ፣ ፍርሃት ከሆነ ፊር ኦፍ። ቅጽል ሲሆን አሁን ያሉት ኦፍ ኦር ሪሌቲንግ ቱ ይላሉ፣ የድሮዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ሪሌቲንግ በሚለው ፈንታ ፐርቴይኒንግ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ የድሮ ዲክሽነሪ ውስጥ በአዲሱ አጻጻፍ ብቻ ብትፈልጉ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ።

የድሮ ዲክሽነሪ ካልኩ ደሞ እኔ በጣም የምወደው የ1913ቱን (በፈረንጆች አቆጣጠር) ዌብስተር ነው። ኮፒራይቱ ስላለቀ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የነፃ መጻሕፍት ሳይት ላይ ይገኛል፣ ሙሉው በአንድ ቴክስት ፋይል። ትልቅ ፋይል ስለሆነ በስልክ ቢከብዳችሁ ኮምፒውተር ላይ አውርዱትና ኮንትሮል ኤፍ ብላችሁ ፈልጉ። ርዕስ ቃሉ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፣ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዲ ኢ ኤፍ ኤን ከሚሉ ፊደላት በኋላ ነው። ከአጠቃቀም የወጣ ቃል በካሬ ቅንፍ ውስጥ ኦ ቢ ኤስ እና ነጥብ አለው፣ ብርቅ የሆነው አር እና ነጥብ፣ ስለዚህ ምልክቱን ራሱን ሰርች ብታደርጉ የተረሱ ቃላት በሰልፍ ይመጡላችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ፋይሉ መስመሮቹ አጭር አጭር ሆነው ስለተቆረጡ ረጅም ሐረግ ከጻፋችሁ ግማሹ እላይ ግማሹ እታች ይሆንና ቃሉ እያለ የለም ይላችኋል። ሁለት ወይ ሦስት ቃል ይበቃል።

እዚህ ፋይል ውስጥ ያገኘኋቸውን ልንገራችሁ። "ፀሐይ መሞቅ" እኛ በየቀኑ የምንለው ነው አይደል፣ ባስክ ኢን ዘ ሰን ብዬ ስፈልግ አፕሪኬት የሚል ግስ ወጣ፣ መጨረሻው በኦ ቲ ሳይሆን በኤ ቲ ኢ ነው፣ ፍሬውን እንዳይመስላችሁ። ኢዝ ኪዩሪየስ ብዬ ክዊድነንክን አገኘሁ፣ የሚሆነውን ሁሉ ካላወቅኩ የሚል ወሬ ወዳድ ሰው ማለት ነው፣ ከላቲን የመጣ ሲሆን ቃል በቃል "አሁን ምን አለ?" ማለት ነው፣ ሲገናኙ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ከማለት ወዲያ የማያውቁ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ቢፎር ላይት ብዬ ያገኘሁት አንቲሉካን ነው። ጎህ ሳይቀድ የሚደረግ ማለት ሲሆን ዲክሽነሪው ራሱ በጥንት የስደት ዘመን ክርስቲያኖች ሳይነጋ ለሚያደርጉት ጉባኤ ይባል እንደነበር ጽፏል። ሌሊት ነጠላ ለብሶ ማኅሌት የቆመ ሰው ይቺ ቃል ምን እንደምትል ወዲያው ይገባዋል።

ከአማርኛ ተነስተን ስንፈልግ የሚያሳስተን ደሞ አለ። ክረምትን ዊንተር ብላችሁ ከጻፋችሁ በረዶና ስኖው ነው የሚጎርፍላችሁ፣ የኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ የነሱ ብርድ፣ ስለዚህ ሬይኒ ሲዝን በሉ። በተቃራኒው የጥቅምት ብርድ ላይ የምትሞቋትን የጠዋት ፀሐይ ስም ስትፈልጉ ዊንተር ማለት አለባችሁ፣ ዋርምዝ፣ ሰን፣ ዊንተር ብላችሁ ስትጽፉ ኤፕሪሲቲን ታገኛላችሁ፣ በ1623 የሄንሪ ኮክራም ዲክሽነሪ ውስጥ የገባች ቃል ነች።

ዋንሉክ ላይ የፊደል ፍንጭ ካላችሁም መጨመር ይቻላል። ለምሳሌ በቢ ኤል የሚጀምር ከበረዶ ጋር የተያያዘ ቃል ከፈለጋችሁ ሁለቱን ፊደል፣ ኮከብ ምልክት፣ ከዛ ሁለት ነጥብ፣ ከዛ ስኖው ብላችሁ ታያይዙታላችሁ። ኮከቡ ስንትም ፊደል ይተካል፣ ጥያቄ ምልክት ደሞ አንድ ብቻ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሂስቶሪካል ቴሶረስም ኦንላይን በነፃ አለ፣ ቃላቱ በትርጉም ነው የተደረደሩት፣ ወደ 800,000 የሚጠጉ ትርጉሞች አሉት። ከነገ ወዲያ የምንለውን እንግሊዝኛም በአንድ ቃል ኦቨርሞሮው ይለው ነበር፣ አሁን ተረስቷል እንጂ።

ያገኛችሁትን ቃል ሳታጣሩ አትጠቀሙ፣ ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ዲክሽነሪዎች ላይ እዩት፣ ቻትጂፒቲን ከጠየቃችሁማ የግድ ነው ምክንያቱም የሌለ ቃል ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። የታተመ ዲክሽነሪም ይሳሳታል። በ1934ቱ ዌብስተር ውስጥ ዶርድ የሚል ቃል ዴንሲቲ ማለት ነው ተብሎ ታትሟል፣ እንደዛ የሚባል ቃል ግን የለም፣ ትልቁ ዲ ወይም (በእንግሊዝኛ ኦር) ትንሹ ዲ የዴንሲቲ ምህጻረ ቃል ነው ለማለት የተጻፈ ካርድ እንደ አንድ ቃል ተነቦ ነው፣ ስህተቱ የታየው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1939 ነው።

ቀጥሎ ቃሉ የገባበትን አረፍተ ነገር ፈልጉ፣ ጉግል ቡክስ ላይ በትምህርተ ጥቅስ አድርጋችሁ። ያልተለመዱ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ብቻ የሚገኝ ከሆነና ማንም በወጉ ተጠቅሞት ካላያችሁ አንባቢውም አያውቀውም ማለት ነው። እኔም ግሮክን ታሪኩ ውስጥ ሳስገባ ብቻዋን አልተውኳትም፣ ከፊቷ ልጁ ትሪውን እንደሚያይ አንድ አጭር አረፍተ ነገር አስቀደምኩ፣ ከኋላዋ ደግሞ የቤቱ እናት እጇን ታጥባ ትልቅ ጉርሻ ስትጠቀልልለት የሚለው አለ።