ክረምቱን በአንድ ወፍራም ልብ ወለድ፦ ባሕር ዳር ለሚከርም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ

አሥር መጽሐፍ ተሸክሞ ከዶርም የሚወጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ሳይጨርስ ይመለሳል። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይበቃል። ጣና ዳር ለሚከርም ሰው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ይመረጣል፤ አገሩ ጎጃም ነውና የማይገባ ቃል ሲገጥማችሁ የሚጠየቅ ሽማግሌ ወይም እማማ ቅርብ አለ።

ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው። እሑዶቹን ብትተዉ 51 ወይም 52 ይቀራል። 550 ገጽ ያለው እትም በቀን 15 ገጽ ሲነበብ 37 ቀን ይፈጃል፤ የተረፉት ሁለት ሳምንታት ለድጋሚ ንባብ ናቸው። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግሥቱ 30 ገጽ አትጋፈጡ፤ ለአምስት ቀን 18 18 ብትሉ ዕዳው ያልቃል።

ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የገጽ ቁጥርና የሆነው ነገር በአንድ መስመር፣ በቀኝ ጥያቄያችሁ። ልማዱን የሚተቸውን ገፀ ባሕርይ የጉዱ ካሣን ንግግሮች ለብቻ መዝግቡ፤ ስለ ጭብጥ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ እነርሱ ላይ ያርፋል። ዋናው ገፀ ባሕርይ በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ስለሆነ ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት ምንና ምን እንደሆኑ አስቀድማችሁ የቆሎ ተማሪ ጠይቁ። ይህን ሳያውቁ ያነበቡት፣ የልጁ እውቀት ለምን እንደሚያስከብረው፣ ድህነቱ ደግሞ ለምን እንደሚያስንቀው አይገለጥላቸውም። በድጋሚው ንባብ ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ገጾች ብቻ ተመልከቱ። የውሰት መጽሐፍ ላይ በእርሳስም ቢሆን አታስምሩ፤ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በገጹ መሐል አስገቡ።

እርጥበት የክረምት ጠላት ነው። መጽሐፍ መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ይሻግታል። ፌስታል ውስጥ አጥብቆ ማሰርም አይበጅም፤ ዝናብ የሚከላከለው ለመንገድ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል። ከረጠበ በየጥቂት ገጹ ደረቅ ወረቀት አስገብታችሁ እየለወጣችሁ ነፋስ ላይ አቆዩት። ከሰል አጠገብ ካስጠጋችሁት ገጹ ይጨማደዳል፣ የጀርባው ማጣበቂያም ይለቃል። ሐይቁ ዳር ማንበብ የሚወድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ፤ ቢንቢው ይበረታል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ።

ትምህርት ሲጀመር መቼት (የታሪኩ ጊዜና ቦታ)፣ ሴራ (የድርጊቶቹ ትስስር)፣ ገፀ ባሕርይ የሚሉትን ቃላት ከሃንዳውት በቃል ከመያዝ ይልቅ ለእያንዳንዱ ከደብተራችሁ ሁለት ሁለት ገጽ ምረጡ። መቼት ሲባል ማንኩሳን፣ ዲማን፣ የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ለይታችሁ ጻፉ፤ በዛብህ በየቦታው ምን ያህል እንደሚከበር አነጻጽሩ። «ደስ የሚል መጽሐፍ ነው» የሚል መልስ ማርክ የለውም። ደብተሩ መጀመሪያ ላይ ስንተኛ እትም እንደሆነና የታተመበትን ዓመት መጻፍ እንዳትረሱ፤ የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ይለያያል፣ 214 ያላችሁት ጓደኛችሁ ዘንድ ሌላ ትዕይንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ምዕራፉንም ጥቀሱ።