አርበኛውን ማን ያበላው ነበር? አያቶቻችሁን ስትጠይቁ

ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን አያቶቻችሁን ስትጠይቁና በስልክ ስትቀርጹ መጀመሪያ ስለ ውጊያ አትጠይቁ። እኔ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። አያቴን «ስንት ጣሊያን ተገደለ?» ስላት «እኔ ምን አውቄ፣ ወንዶቹን ጠይቅ» ብላ ዝም አለች። ሌላ ቀን እዚሁ ባሕር ዳር ቤታችን ቡና ስትቆላ «እናትሽ ለአርበኞቹ ምን ትሰንቅላቸው ነበር?» አልኳት። ቡናው እስኪያርርባት አወራችልኝ።

ስለዚህ ከስንቅ ጀምሩ። ከ1928 እስከ 1933 ጫካ የገባው አርበኛ ደመወዝ የለው፣ ጎተራ የለው። የሚበላው ከገበሬው ቤት ነው። በሶ ለምን ተመረጠ? ገብሱ አንዴ ተቆልቶ ከተፈጨ እሳት አይፈልግም። እሳት ከሌለ ጭስ አይታይም። አያቴ ይህን ስትነግረኝ እናቷ በሶውን አቁማዳ ውስጥ እንዴት እንደምትጠቀጥቅ በጡጫዋ አሳየችኝ። ስልካችሁን ወደ እጃቸው አዙሩት፤ ፊታቸውን ብቻ አትቅረጹ።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፣ በዓል ጠይቁ። «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በሱዳን ድንበር ባለችው በኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። በዓሉን ከያዛችሁ ቀኑን እናንተ ታገኙታላችሁ።

ሁሉም ስለ በላይ ዘለቀ ማውራት ይወዳል። ያውሩ፣ አታቋርጧቸው። ሲጨርሱ ግን ወደ እናታቸው ቤት መልሷቸው። ገበያ ስትወርድ ወሬ ታደርስ ነበር? ከተማ ውስጥ ጥይት የሚልክ የውስጥ አርበኛ ዘመድ ነበራት?

መራራውንም አትዝለሉት። አያቴ «ያበላ ቤቱ ይቃጠላል፣ ያላበላ ባንዳ ይባላል» አለችኝ። አርበኛ ሁሉ ለምኖ አልበላም፤ በግድ የወሰደም ነበር። ይህን መናገር አርበኛውን ማዋረድ አይደለም። ያቺ እናት ልጆቿ እያዩ ምን እንደሰጠች መመስከር ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ቆርጦ የሚያስቀር ቅጂ አልወድም።

የባንዳ ነገር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ስም ሊጠሩ ሲሉ መቅረጫውን አጥፉ። የልጅ ልጆቹ ጎረቤት ናቸው፣ ተጋብተዋል።

ሲያልቅ መልሳችሁ አሰሟቸው። አያቴ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ሰማችና «ገብሱ አንድ ቁና አይደለም፣ ሁለት ነው። አስተካክል» አለችኝ።