የቅድመ አያትን የጀርመን ስም ለሕፃን ለማውጣት

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ቅድመ አያትየው በእርግጥ ይጠሩበት የነበረው ስም የትኛው እንደሆነ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመን ውስጥ ልጅ ሲጠመቅ ሁለት ሦስት ስም ይወጣለት ነበር። ብዙ ጊዜ ወንዱ በዮሃን፣ ሴቷ በአና ወይም በማሪያ ይጀምራሉ፤ የአንድ እናት ልጆች ሁሉ ዮሃን የሚሆኑበትም አለ። ቤትና ጎረቤት የሚጠራቸው ግን በተከታዩ ስም ነው። ይህ መጠሪያ «ሩፍናመ» ይባላል፤ አንዳንድ መዝገብ ላይ ተሰምሮበት ይገኛል። «ዮሃን ሃይንሪኽ» የሚል ካገኛችሁ የምታወርሱት ሃይንሪኽን ነው። ዮሃንን ነጥሎ መውሰድ አያትየው ቢጠሩበት ዞር የማይሉበትን ስም መውሰድ ነው።

ቀጥሎ ንባቡ። የካቶሊክ ቄሶች ብዙ ጊዜ በላቲን ስለሚመዘግቡ ሃይንሪኽ «ሄንሪኩስ»፣ ካርል «ካሮሉስ» ሆኖ ይመጣል፤ ወደ ጀርመንኛው መልሱት። ጽሕፈቱ ኩረንት የሚባለው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ከሆነ ትንሿ ኢ እና ትንሿ ኤን መንታ ይመስላሉ፤ ዩ የምትለየው በላይዋ ባለው ቅስት ነው። ስለዚህ የጥምቀቱን መዝገብ ከጋብቻው ወይም ከሞቱ ጋር አስተያዩ።

ሙሉው ስም ከከበደ ቁልምጫው ሞልቷል። ዮሃነስ ሃንስ ወይም ሃነስ ይሆናል፣ ማርጋሬተ ግሬተ፣ ኤሊዛቤት ኤልዘ፣ ኢልዘ ወይም ሊዝል፣ ቪልሄልሚነ ሚና፣ ማቲልደ ቲልዳ፣ አደልሃይድ ሃይዲ። ሙሉውን አስመዝግቦ በአጭሩ መጥራት ይሻላል፤ ልጁ ሲያድግ የሚመርጠው ይኖረዋል። ኩኒጉንደን የመሰለ ስም ግን ሁለተኛ ስም ቢሆን ይበጃል።

ድሮነትም ይለያያል። ኤማ፣ ኢዳ፣ ፍሪዳ፣ ኤሚልና አንቶን ጀርመን ውስጥ ተመልሰው የሕፃን ስም ሆነዋል። ሆርስትና ኡርዙላ ግን ገና የአያቶች ትውልድ ስም ናቸው። ፍሪጽ የፍሪድሪኽ ቁልምጫ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ወታደር ቅጽል አድርገውታል። አዶልፍን ሁለተኛ ስም አድርጎም አለማውጣት ነው፤ ማብራሪያውን ዕድሜ ልኩን የሚሰጠው ልጁ ነው። (በትርጉም የሚመርጥ ሰውም ይጠንቀቅ፤ የሄድቪግ ሁለቱም ክፍል «ውጊያ» ማለት ነው።)

ከጀርመን ውጭ የሚያስቸግረው ንባቡ ነው፦ ደብልዩ እንደ ቭ፣ ጄ እንደ ይ፣ ዜድ ለጽ ቀርቦ ይነበባል። እንደ ö በላያቸው ሁለት ነጥብ ያላቸው ፊደላት የባሱ ናቸው። በጀርመን ፓስፖርት ማሽን የሚያነበው መስመር ላይ ባለነጥቧ ኦ ወደ ኦ እና ኢ ትለወጣለች፤ ሌላ አገር ያለ መዝጋቢ ነጥቡን ዝም ብሎ ሊጥለው ይችላል። ያኔ ዮርግ (Jörg) በአንዱ ሰነድ Joerg፣ በሌላው Jorg ተብሎ ሁለት ሰው ይሆናል። አንዱን አጻጻፍ ከምዝገባው በፊት ቁረጡና በልደት ምስክር ወረቀቱም በፓስፖርቱም ላይ እሱኑ ተጠቀሙ።

ልጁ ጀርመን ውስጥ ከተወለደ ልደቱ «ሽታንደስአምት» ለተባለው የክብር መዝገብ ቢሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነገራል፤ ስሙ ካልተቆረጠ እስከ አንድ ወር ድረስ ማሳወቅ ይቻላል። መዝጋቢው ስሙን ከተጠራጠረ ቪስባደን የሚገኘው የጀርመንኛ ቋንቋ ማኅበር በጽሑፍ አስተያየት ይሰጣል። የአያትየውን የጥምቀት መዝገብ ቅጂ አብሮ ማቅረብም ስሙ በእርግጥ የሰው ስም እንደነበር ያሳያል።