የሰው ቤት ፎቶ ስቶክ (ፎቶ መሸጫ ሳይት) ላይ ጭነህ ከተመለሰብህ (ጅማ ላይ ለምታነሱ)

ጅማ ላይ ፎቶ ማንሳት ራሱ ችግር የለውም፣ ቡና የተሰጣበት ግቢ በር ላይ ቆመህ ሰላም ካልክ "ግባ አንሳ፣ ቡናም ጠጣ" ትባላለህ። ጣጣው የሚመጣው ማታ ላፕቶፕህን ከፍተህ አፕሎድ ስታደርግ ነው።

ችግር፦ "ፕሮፐርቲ ሪሊዝ ያስፈልጋል" (ማለትም የንብረቱ ባለቤት የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት) ተብሎ ሪጀክት ሆነ።
ምክንያቱ "ግባ አንሳ" ማለት "ሽጠው" ማለት ስላልሆነ ነው። ፎቶውን የገዛው ሰው ማስታወቂያ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፣ ሳይቱ ደግሞ ባለቤቱ ነገ ተነስቶ "ቤቴን ማን ሸጠው" እንዳይል ወረቀት ይፈልጋል፣ በተለይ ቤት ውስጥ ከተነሳ ወይም አንድ ቤት ብቻውን ፎቶውን ከሞላው። ከጅሬን ኮረብታ ላይ ከተማውን በሙሉ ብታነሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅህ የለም።
መፍትሄ፦ የሳይቱን ፎርም ፕሪንት አድርገህ ካሜራ ቦርሳህ ውስጥ ይኑር። ቡናው እየፈላ አስፈርም፣ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ አስረዳ፣ ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ እንደሚችል አትደብቅ። ብዙ ፎርም ምስክር ይጠይቃል፣ ምስክሩ አንተም ፈራሚውም መሆን አይችልም፣ ጎረቤት ጥራ።

ችግር፦ ሪሊዝ አለኝ ግን ሌላ ሰው ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ መጣብኝ።
ይሄ እኔው ላይ የደረሰ ነው። ሄርማታ አካባቢ አንድ ደስ የሚል አሮጌ የእንጨት በረንዳ አንስቼ እዛው የሚኖሩትን እናት አስፈረምኩ፣ በኋላ ተከራይ ሆነው ተገኙ፣ ባለቤቱ ሲሰሙ በጣም ተቆጡ፣ እውነታቸውን ነው። ፎቶዎቹን ከሽያጭ አወረድኳቸው፣ ከዛ በፊት የተገዛው ግን አይመለስም።
መፍትሄ፦ መጀመሪያ "ካርታው በማን ስም ነው?" በል። የቀበሌ ቤት ከሆነ የሚኖርበት ሰው ባለቤት አይደለም፣ የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ አንዱ ወንድም ብቻ ፈርሞ አያልቅም፣ ሁሉንም ወራሾች ፈልግ፣ አድካሚ ከሆነብህ ሌላ ቤት አንሳ።

ችግር፦ ግቢው ተፈቅዷል፣ ቡና የምትለቅመው ልጅ ግን ፊቷ ይታያል።
የቤቱ ወረቀት ሰውን አይሸፍንም፣ ሞዴል ሪሊዝ (የተነሳው ሰው የሚፈርመው ወረቀት) ለብቻው ነው፣ ከ18 በታች ከሆነች ወላጅ ይፈርማል። የኛም የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ ማሳየትም ማባዛትም ለሽያጭ ማቅረብም አይቻልም ይላል፣ ልዩ ሁኔታዎቹ አንቀጽ 28 ላይ አሉ።

ችግር፦ ባለቤቱ አልፈርምም አሉ፣ ወይ ኪዮስኩ ላይ የለስላሳ ሎጎ አለ።
ሎጎውን በፎቶሾፕ አጥፋው ወይ ደግሞ ኤዲቶሪያል አድርገህ ላከው፣ ማለትም ለዜናና ለትምህርት እንጂ ለማስታወቂያ አይሸጥም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትንም እኔ የምልከው እንደዛ ነው፣ ለውስጡ ግን መጀመሪያ አስተዳዳሪዎቹን ጠይቅ። (የፓሪሱ ኤፍል ማማ እንኳ ቀን ይሸጣል፣ ሌሊት ግን የመብራቱ ዲዛይን ኮፒራይት አለው ተብሎ ይመለሳል፣ ስለዚህ እኛ ላይ ብቻ አይደለም።) ሳይፈቀድልህ ገብተህ ያነሳኸውን ግን ኤዲቶሪያልም አያድነውም። ሻተርስቶክ የሚባለው ሳይት ላይ የኤዲቶሪያል ካፕሽን (የፎቶው መግለጫ) በከተማ፣ በአገርና በቀን ይጀምራል፣ ከዛ የሚታየውን ብቻ ጻፍ፣ "ውብ" ምናምን አያስፈልግም። ደግሞ ሎጎ አጥፍተህ ኤዲቶሪያል ብለህ እንዳትልክ፣ እዛ ላይ ምንም ነገር መነካት የለበትም፣ እንደገና ይመለስብሃል።