ያደሳችሁትን ታንኳ እንደ መስታወት የሚያበራ ቀለም እንዴት ትቀቡታላችሁ?

እዚህ ሚኒሶታ ሐይቅ ሞልቷል፤ ከእንጨት ተሠርቶ ሸራ የለበሰ አሮጌ ታንኳም በየጋራዡ አይጠፋም። እኔ አንዱን ሳድስ ከእንጨቱ ሥራ ይበልጥ የፈተነኝ ቀለሙ ነው።

መጀመሪያ ታንኳችሁ አንጸባራቂ ቀለም ይችል እንደሆነ እዩ። አንጸባራቂ ምንም አይደብቅም። ማታ መብራት አጥፉና ባትሪ በጎን አብሩበት። ጉድጓድና እብጠት ከበዛ በከፊል የሚያበራውን ምረጡ፤ እሱም ያምራል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ደግሞ ጉድለትን ያጎላሉ፣ ፀሐይ ላይም ይግላሉ።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ለጀልባ የሚሸጥ የዘይት ቀለም ይበቃል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም አልመክርም። ሲደርቅ በጣም ይጠጥራል፤ ሸራ ደግሞ ስለሚለመጥ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ትነቱም ለሳንባ ጠንቅ ነው።

የሸራውን ቀዳዳ ለመድፈን የተቀባው መሙያ ሳይደርቅ ቀለም አታስነኩት። የዘይት መሙያ ሳምንታት ይፈልጋል። ጥፍራችሁ ምልክት ከተወበት ገና ነው።

ከዚያ ማስክ አድርጋችሁ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ አቧራ እንዳይነሳም የጋራዡን ወለል ውሃ እርጩበት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ጠዋት፣ በጥላ፣ ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ጀምሩ። ታንኳውን ደፍታችሁ አስቀምጡት። ለብቻ አይሆንም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ በስፖንጅ ሮለር ከጠርዙ እስከ ሆዱ መሃል፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቦታ በስሱ ይቀባል። ሮለሩ ጥቃቅን አረፋ ይተዋል። ሌላው ወዲያው ተከትሎ፣ ቀለም ባልተነከረ ጥሩ ብሩሽ ጫፍ ብቻ ይዳብሰዋል። ብሩሹ ከአዲሱ ቅብ ተነስቶ ገና እርጥብ ወደሆነው ወደ ቀደመው ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይነሳል። አንዴ ብቻ። ብሩሹ ሲጎትት ከተሰማችሁ ቀለሙ ወፍሯል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ቲነር ትንሽ ጨምሩበት።

ሮለሩን የያዘችው ባለቤቴ ነበረች፣ ብሩሹን እኔ። ወደ ሌላው ጫፍ ልንደርስ ስንል ወደ ኋላ ዞር ብዬ አውራ ጣት የምታህል ያመለጠችን ቦታ አየሁ። አሥር ደቂቃ አልፏታል። በብሩሽ ነካ አደረግኳት። ቀለሙ መያዝ ጀምሮ ስለነበር በማግስቱ ማበጠሪያ ያለፈበት ፀጉር መሰለ። ጎኑን በሙሉ እንደገና ፈግፍገን ቀባነው። ያመለጣችሁን ቦታ ተዉት፤ የሚቀጥለው እጅ ቅብ ይሸፍነዋል።

አራት ስስ እጅ ከሁለት ወፍራም ይሻላል። ወፍራም ቀለም ይወርዳል፣ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ይቀራል። በየመሃሉ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩትና ማብረቁ እስኪጠፋ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ዘይት የነካውን ጨርቅ አጨማድዳችሁ አትጣሉ። በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የመጨረሻው እጅ ሲያልቅ ጋራዡን ዘግታችሁ ውጡ። ትንኝ ቢያርፍበት እንኳ አትንኩት። በደንብ ሲደርቅ በጣት ጠረግ ስታደርጉት ይራገፋል።