በሃይዌይ 1 መንገድ ላይ ሞተራችን ሲግል ያገኘነው መፍትሔ

ከልብ ጓደኛዬ ጋር ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ባሕሩን ይዘን በሃይዌይ 1 ስንወርድ ሞተሩ መጋል ጀመረ። በፍጥነት ስንነዳ የሙቀት ጌጁ ከመሃል አያልፍም። ቢክስቢ ድልድይ አካባቢ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ስንገባ ግን ወደ ቀዩ ይወጣል። ኤሲ ሲከፈት ደግሞ ይብሳል።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሞላን። ለውጥ የለም። ወደ ሞንተሬይ ተመልሰን ቴርሞስታት (የኩላንቱን ዝውውር የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል) አስቀየርን፤ ያው ነው። የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ ጥግ መክፈት ሙቀቱን ትንሽ ያወርደዋል፣ ግን ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ነገሩን የፈታው የጓደኛዬ ጥያቄ ነው፤ «ቆይ፣ ቬንትሌተሩ ሲዞር ሰምተሽዋል?» ቬንትሌተሩ ኩላንቱ የሚቀዘቅዝበትን ራዲያተር የሚያናፍሰው ማራገቢያ ነው። መኪናውን አቁመን፣ ሞተሩን ሳናጠፋ ኤሲ ከፈትን። ኮፈኑን አንስተን ስናይ፣ መዞር የነበረበት ቬንትሌተር ቀጥ ብሏል። (እጃችሁን አታስጠጉ፤ ድንገት ሊነሳ ይችላል።) ለካ በፍጥነት ስንነዳ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ንፋሱ ነበር!

ፊውዙን አየን፣ ደህና ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተን የቬንትሌተሩን ሪሌይ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ) ነቀልንና የክላክሱን ሪሌይ በቦታው ሰካን። ሁለቱም ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድመን አረጋግጠናል። ሞተሩን አስነስተን ኤሲ ስንከፍት ቬንትሌተሩ ዞረ። በጣም ደስ አለን!

ያ መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ያለ ክላክስ ብዙ መንዳት አልፈለግንም። ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ስንደርስ አዲስ ሪሌይ ገዝተን ገጠምን። ከዚያ ወዲህ ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

ከካርሜል በኋላ ብዙ ቦታ ላይ ኔትወርክ የለም። ቬንትሌተሩን ከመነሳታችሁ በፊት ፈትሹት።